ያልተፋቀው ጫሪ

መርማሪዋ ጫካው ውስጥ ያለው የድንኳን ሰፈር ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን፣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ የሚያለቅሰውን ሰው ነበር።

«ተከታታዮቼ፣ መምህሬን አጣሁት!» ይላል። ከዚያ ያቆምና ጸጉሩን አስተካክሎ እንደገና ያለቅሳል።

በሥራዋ ስንት የበሰበሰ ሬሳ አንስታለች፤ እንዲህ ያቅለሸለሻት ግን የለም።

«ስልኩን ወዲህ በል» አለችው።

ሟቹ ለከተማ ሰው ጫካ ውስጥ እሳት አንድዶ ማደርን ያስተምር ነበር። ተንጋሎ፣ ማጅራቱ ደም በነካው የምድጃ ድንጋይ ላይ አርፏል፤ ዝንቦች ቀድመዋታል። ቀኝ እጁ ውስጥ ጫሪ አለ፤ በቢላ ጀርባ ሲፋቅ ፍንጣሪ የሚረጭ፣ ጣት የምታህል ዘንግ። ጥቁር ቀለሟ ጭረት አልነካውም። ምድጃው ውስጥ ጤዛ ያራሰው ሣር ተቆልሏል። ሸሚዙን ስትከፍት ደረቱ ላይ የደረቀ ቅርፊትና ሣር ተጠቅልሎ አገኘች። በመጨረሻ የተጨበጠ ግራ እጁን ፈልቅቃ ያገኘችውን አሸተተች፤ አፍንጫዋን ሸብሽባ ኪሷ ከተተችው። ድንኳኑ ውስጥ፣ ትራሱ ሥር ደግሞ በፍቀት ያለቀ ሌላ ጫሪ አገኘች።

ሌሊቱን እዚያ ያደሩት ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ያ አልቃሽ ብቻ ናቸው። አልቃሹ የሟቹ ተማሪ የነበረ ነው፤ ዛሬ በእሳት ማንደድ ቪዲዮው ስለታወቀ ተከታታዮቹ «እሳቱ» ይሉታል። ፖሊሶቹ ግን ካቴናውን ሚስቲቱ እጅ ላይ አጥልቀውታል፤ ማታ ከባሏ ጋር ስትጯጯህ ተሰምታለች።

«ምን አጣላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«‹ነገ አንድ አጭበርባሪ አጋልጣለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ‹ተው፣ ጠላት አታብዛ› ብዬ ጮህኩበት። እህቴ፣ እኔ ከታሰርኩ ልጄ ከማን ጋር ታድራለች?»

«እሳቱ» ተራው ሲደርስ ሰርዲን በጣቱ ከቆርቆሮው እየዛቀ ነበር።

«ማለዳ እሳት ሊያነድ ወጥቶ አዳልጦት ይሆናል» አለ ዘይቱን ከአውራ ጣቱ እየላሰ። «ወይም ደግሞ... እኔ ሰው አላማም። ማታ ሲጮሁ ግን ሰምቻለሁ።»

ሬሳው እኮ ገና አልተነሣም። መርማሪዋ ምራቋን በግድ ዋጠች።

ሦስቱንም ምድጃው ዳር ሰበሰበቻቸው። ሟቹ ለተማሪዎቹ ከሚሸጣቸው ካርቶን አዳዲስ ጥቁር ጫሪዎች አውጥታ ለእያንዳንዳቸው ሰጠች፤ እርጥብ ሣርም አቀረበችላቸው።

«አንድዱ።»

ወንድምየው ሣሩን በእግሩ ገፋው። «በእርጥብ ላይ ማን ፍንጣሪ ያባክናል?» ካልተፋቀ ፍንጣሪ የማያስወጣውን የጫሪውን ጥቁር ቀለም በቢላው ጀርባ ፍቆ ጣለ፤ ከደረቱ ደረቅ መለኮሻ አውጥቶ አንዴ ሲጭረው ተያያዘ።

ካቴናዋ ሲፈታላት ሚስቲቱም እንደዚያው አደረገች። «‹መለኮሻ ደረት ላይ ይደር፣ ጤዛ እንዳያገኘው› ይለን ነበር» አለች እንባዋ እየወረደ።

«እሳቱ» በቢላው ጠፍጣፋ ጎን ቀለሙን ያሻሻል። ፍንጣሪ ግን አልወጣም፤ ላቡ ተንጠፈጠፈ።

«ነፋሱ ነው...»

«ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም» አለች መርማሪዋ። «ስሙኝ። ሟቹ እሳት ሊያነድ አልመጣም። ቢሆን ኖሮ ትራሱ ሥር ያለውን፣ በፍቀት ያለቀ የራሱን ጫሪ ይይዝ ነበር። ደረቱ ላይ ደረቅ እያለው እርጥብ ሣር አይለቅምም። ይህን ያሰናዳው ጫሪ ጭሮ የማያውቅ ሰው ነው። ከእናንተ ደግሞ የማያውቀው አንድ ነው።» ወደ «እሳቱ» ዞረች። « የቀኝ እጁን አሳመርክለት፤ የግራውን መክፈት ግን ረሳህ።»

ከኪሷ ቁራጭ ጥጥ አወጣች። ቤንዚን ይሸታል። የ«እሳቱ» ቦርሳ ሲፈተሽ የዚሁ ጥጥ አንድ ፌስታል ሙሉ ወጣ፤ ከላይተር ጋር። በየቪዲዮው ሣር ሥር ሸጉጦ የሚያነደው ይህንኑ ነበር።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!» ብሎ ወንድምየው ሊያንቀው ተነሣ፤ ፖሊሶቹ ያዙት።

«በስንት ሺህ ሰው ፊት ውሸታም ሊለኝ ነበር!» ጮኸ «እሳቱ»። «ለምኜዋለሁ! እምቢ ሲለኝ ነው በድንጋይ...»

ካቴናው እጁ ላይ ገባ። ጥቂት እንደሄደ ዞረ።

«ስልኬን አንዴ ብቻ ስጡኝ። ጠዋት የለቀቅኩትን ለቅሶ ስንት ሰው እንዳየው ልይ።»

መርማሪዋ ዞር ብላ ተፋች። አፏ ውስጥ ግን የቀረ ነገር ያለ መሰላት።

ሚስቲቱ ወዳነደደችው እሳት ዞረች።

«እሳት አመድ ወለደ» አለች። «በሉ ልጄ ጋ ውሰዱኝ። ከሌላ ሰው ሳትሰማው ልንገራት።»