ቁልፉን የሰቀለው ሰው

ሟቹ የተገኘው በሳሙና ማደባለቂያው ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። የላላ ነገር ስለማይወድ የሥራ ባልደረቦቹ «ብሎን» ይሉት የነበረ አንጋፋ መካኒክ ነበር። ሰኞ ጠዋት የማደባለቂያውን ክንፍ ሊያጠብቅ ወደ ውስጥ ወረደ፤ እሱ እዚያው እያለ ማሽኑ ተነሣ።

በማግስቱ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መርማሪ ተላከች። ሥራ ላይ የሚደርስን ሞት ስታጣራ ሃያ ዓመት የሞላት፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሴት ናት። ገብታ ሳትወጋ ስለማትወጣ «መርፌ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ከፍቷት አያውቅም።

ለፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀለት ነበር። ማሽኑን ያስነሣው ኦፕሬተሩ፣ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነው፤ እሱም አልካደም። ከአንድ ወር በፊት በወጣው የደኅንነት ደንብ መሠረት መካኒኩ ማብሪያውን የሚቆልፍበት ጓጉንቸር ተሰጥቶታል። አሁን ጓጉንቸሩ የለም፤ መክፈቻው ግን ከማብሪያው ሳጥን አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ኦፕሬተሩ ከፍቶ ጓጉንቸሩን ጥሎታል አሉ። ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ ሲጯጯሁ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አለ አንደኛው ፖሊስ፣ ካቴናውን እያሳየ።

«የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል» አለችው መርፌ፤ እስከ ከሰዓት እንዲታገሡም ለመነቻቸው።

ኦፕሬተሩን ያገኘችው ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነው። እጆቹን የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ ያያቸዋል።

«ምን አይተው ነው ያስነሡት?»

«ቁልፉ ተሰቅሎ አይቼ።»

«ቢሰቀልስ?»

«እዚህ ቤት ቁልፉን ሰቀለ ማለት ሥራውን ጨርሶ ወጣ ማለት ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰቅለን ነው ወደ ቤታችን የምንሄደው። ጡረታ የወጣውን ሰው እንኳ ‹ቁልፉን ሰቀለ› እንለዋለን።»

«ቅዳሜስ ምን አጣላችሁ?»

«‹ቁልፍህን ስቀል› አለኝ። ‹ሁልጊዜ እሰቅል የለ እንዴ፣ ምን ያስጮኽሃል?› ብዬ ሳቅሁበት። ‹ልጄ የጻፈችውን አታነብም?› ብሎ ተቆጣ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጠባችን ነው። ሳንታረቅ ሞተ።» መርፌ ከዚህ በላይ አላስቸገረችውም።

ደንቡን የጻፈችው የደኅንነት ኃላፊዋ ናት፤ የሟቹ አንድያ ልጅ። አራት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ማሽን እየዞረች፣ አደጋውን እየመዘገበች ነው ያዘጋጀችው። መርፌ ስታነጋግራት ዓይኗ ደረቅ ነበር። በሥልጠናው ቀን አባቷ ቦይለር ሲጠግን እንደዋለ ነገረቻት።

«ታዲያ ኋላ ለብቻው አላሳየሽውም?»

«ለአባዬ? ማሽን ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው። ምን ብዬ ነው እሱን መቆለፍ የማስተምረው? አፈርኩ። ጓጉንቸሩን ከነመክፈቻው ሰጠሁትና ‹ወረቀቱ ላይ አለልህ› አልኩት።» በእጇ ወደ ኦፕሬተሩ እያመለከተች ቀጠለች። «ወይ አባቴ ቆልፎ ጋሼ ከፍቶበታል፣ ወይ አባቴ ሥራዬን ንቆታል። ሁለተኛውን አልቀበልም። ያ ገዳይ ይታሰርልኝ።»

መርፌ ከሆስፒታል የመጣውን የሟቹን ልብስ ጠየቀች። ከረጢቱን ማንም ሊከፍተው አልደፈረም ነበር። እሷ ግን ቱታውን አውጥታ ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ከዚያ ወደ ምስማሩ ተመልሳ መክፈቻውን በአጉሊ መነጽር አየችው። ስትጨርስ ያገኘችውን ባላገኘችው ምንኛ በወደደች።

ከሰዓት በኋላ የፋብሪካውን ባለቤት፣ ኦፕሬተሩን፣ ልጅቱንና ፖሊሶቹን ማሸጊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጓጉንቸሩ በሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር» አለች። «ለብቻው የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ስለዚህ ማንም አልከፈተውም፤ ተቆልፎም አያውቅም።»

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «ንቆኛላ።»

«አልናቀሽም። መክፈቻው ላይ ሰው በደንብ እንዲያየው የመዳብ ሽቦ ቀለበት ተሠርቶለታል፤ እንዲህ የሚጠመዝዝ የመካኒክ እጅ ነው። ራሱ ነው የሰቀለው። ይኸ ወረቀት ደግሞ ከጓጉንቸሩ ጋር ነበር። በእርሳስ ያሰመረበትን አንብቢልን።»

ልጅቱ ተቀበለች። «‹ማሽን ውስጥ ከመግባትህ በፊት ቁልፍህን ማብሪያው ጋ ስቀል።›»

«ቁልፍ ስትዪ ምን ማለትሽ ነበር?»

«ጓጉን...» ብላ አቋረጠችው።

መርፌ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሱቅ ገብተን ቁልፍ ስጠኝ ስንል ጓጉንቸር ይሰጡናል። ቁልፍ ጠፋኝ ስንል ደግሞ መክፈቻውን ነው። ሥልጠናው ላይ የነበሩት አሠራሩን በዓይናቸው አዩ። አባትሽ ያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ያልሽውን አደረገ፤ ቁልፉን ሰቀለ። ጓደኛው የተሰቀለውን ቁልፍ ሲያይ ወጥቷል ብሎ አስነሣ። ቅዳሜ የተጣሉትም ‹ቁልፍ መስቀል› ለአባትሽ ገባሁ፣ ለጓደኛው ወጣሁ ማለት ስለሆነ ነው።» ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞረች። «ቦይለሩ አይቆምም ብለው መካኒኩን ከሥልጠናው ያስቀሩት እርስዎ ነዎት። ይህንንም ጽፌዋለሁ።»

ባለቤቱ አቀረቀረ። ፖሊሶቹ ካቴናቸውን ይዘው ወጡ።

«ታዝዞኛል» አለች ልጅቱ ለራሷ። «አባዬ ታዝዞኝ ነው የሞተው።»

ኦፕሬተሩ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «የማሽኑን ቁልፍ የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«እማዬ ማን ገደለው ትለኛለች። ምን እላታለሁ፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ በያት። እኔን ብትጠላኝ ትችለዋለች። አንቺን ግን ምን ታደርግሻለች?»

መርፌ በሃያ ዓመት ውስጥ ጥፋትን ሲሸሹ እንጂ እንዲህ ሲሻሙት አላየችም። ወረቀቶቿን መሰብሰቧን ትታ ሰማች።

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። እኔው እነግራታለሁ። አንተ ብቻ አጠገቤ ቁምልኝ።»

ጠዋት ገዳይ ያለችውን ሰው ክንድ ይዛ ወደ እናቷ ሄደች።