ዱዳው ላፕቶፕ

መምህር ማስረሻ ዓርብ ማምሻውን ከኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። «ራሱን አጠፋ» የሚለው ወሬ ግን ከእሱ ቀድሞ ነበር መሬት የደረሰው። ጥበቃው ሬሳውን አግኝቶ ከመጮሁ በፊት፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በስሙ የተጻፈ መልእክት ለኮሌጁ ሠራተኛ ሁሉ በኢሜይል ደርሷል፦ «ደክሞኛል። በፈቃዴ ነው። ማንም አይጠየቅብኝ። ማስረሻ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኮማንደሩ ኢንስፔክተር ዋፊቃን አስጠርተው አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉላት።

«መልእክት አለ፣ ሲልክ ያየ ምስክር አለ። ፈርሚና መዝገቡን ዝጊው።»

«ቦታውን ሳላይ አልፈርምም።»

«አንቺ ሴት፣ እምቢታሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ጡረታ ስወጣ፣ ጌታዬ።»

ዋፊቃ አዳማ ፖሊስ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሁለት ጊዜ ማዕረግ ያለፋት በዚሁ ጠባይዋ ነው፤ አልቆጫትም። ወረቀቱን ሳትፈርም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ደጅ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማ ጠበቀቻት። የሟቹ ሚስት አሰለፈች ናት። አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የሚነበበው ከኀዘን ይልቅ ቁጣ ነበር።

«የደብሩ አስተዳዳሪ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም ብለውኛል» አለች። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ራሱን አላጠፋም የሚል የፖሊስ ወረቀት ካላመጣሁ ባሌ ያለ ጸሎት ሊቀበር ነው። እኔ ደግሞ በሰው ውሸት አላስቀብረውም። ከፈለጉ ሬሳውን ከእጄ ነጥቀው ይውሰዱት።»

«ራሱን እንዳላጠፋ በምን አወቅሽ?»

«ደክሞኛል አይልማ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ያቺን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ሌላውን ሰው በክርክር ያደክማል እንጂ እሱ አይደክመውም።»

ዋፊቃ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ነው። «እኛም ሙስሊሞቹ ዘንድ ሬሳ አይቆይም» አለች ሻሿን እያስተካከለች። «አምስት ሰዓት አለን። ሂጂና ሰውሽን አሰናጂ፤ ስጠራሽ ትመጫለሽ።»

ኮሌጁ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ከላይ ነው፤ ከፊቱ ረጅም በረንዳ አለ። የበረንዳው ብረት ዋፊቃን ደረቷ ላይ ይደርሳታል። ሰው ተደናቅፎ የሚወድቅበት አይደለም። ወይ ራሱ ይወጣበታል፣ ወይ ሌላ ሰው አንስቶ ይጥለዋል።

ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቅ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተለጥፏል፦ «ያላነበቡትን አይፈርሙም፤ ያላመሳከሩትን አይጭኑም።» ዋፊቃ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ሟቹን ወደደችው። ሰሌዳው ላይ ደግሞ «ቅዳሜ 3 ሰዓት፦ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጡት ፍላሾች አሻራ ይመሳከራል» ይላል። ሊሞት የቆረጠ ሰው ለነገ ቀጠሮ አይጽፍም፤ ቢጽፍም በሦስት ቀለም አያሰምርበትም። ጠረጴዛው ላይ የማስረሻ ላፕቶፕ ተቀምጧል፤ ፓስወርድ ስላለው የከፈተው የለም።

ዓርብ ማምሻውን ከጥበቃው ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት የኮሌጁ ሠራተኞች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የኮሌጁ ዲን አቶ ሰይፈሚካኤል ነበሩ።

«ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅም» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው። «እኔ ተማሪው ነገ መሥሪያ ቤት የሚያገኘውን የኮምፒውተር ሲስተም ይማር አልኩ። እሱ ኮዱ ተከፍቶ የማይነበብ ነገር አላስተምርም አለ። ሁሉ ነገሩ ነፃ ሶፍትዌር ካልሆነ፣ አንዲት የተደበቀች ቁራጭ እንኳ ካለችበት፣ እምቢ! ሦስት ወር ተከራከርን፤ አሸነፈኝ። እኔ ግን ያንን ነገር እስከ ዛሬ በእጄ አልነካሁትም።»

«አሥራ አንድ ከአርባ ላይ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ከሞጆ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ስልካቸውን እሰጥዎታለሁ።»

ዋፊቃ እዚያው ደወለች። ባልና ሚስቱ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ከዲኑ ጋር እንደነበሩ ነገሯት።

ሁለተኛው መሳይ ነው፤ የኔትወርክ ኃላፊው። ለሠራተኛው ኢሜይል የሚከፍተውም፣ የጠፋ ፓስወርድ የሚቀይረውም እሱ ነው። ዓይኑ አብጧል፤ ቃሉ ግን እንደ ንግግር አዋቂ ተሰድሮ ይወርዳል።

«ማስረሻ ወንድሜ ነበር። ነፃነት ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው። የእሱን ነፃ ሲስተም ላፕቶፔ ላይ ከጫንኩት ዓመት አልፎኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነክቼ አላውቅም። ሞጆ፣ ቆቃ፣ መቂ፣ ቡልቡላ ላሉት ትምህርት ቤቶች የመጫኛ ፍላሾቹን በገዛ እጄ ያዘጋጀሁት፣ ይዤ የዞርኩትም እኔ ነኝ።»

«ሲልክ ያየኸው አንተ ነህ?»

«በበሩ መስታወት በኩል። ላፕቶፑ ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ጨረሰና አንዴ ነካ አደረገው፤ ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ምን እንደሆነ ሳላይ ደረጃውን ወረድኩ። ባየው ኖሮ…» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«በስልኩ ልኮት ቢሆንስ?»

«ስልኩ ባለ ቁልፍ ናት፤ ኢንተርኔት አታውቅም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በዚያው ላፕቶፕ ሲልከው አይቻለሁ።»

ዋፊቃ ቃሉን እንዳለ ጻፈች። ሳይጠየቅ በዓይኑ የሚምል ሰው አይዋጥላትም።

ሦስተኛዋ ኤቢሴ ናት፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት። ዋፊቃ ምድር ቤት መምህራን ክፍል አገኘቻት። አጠገቧ ጥበቃው ጋሽ ጉቱ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልተን፣ ጋሽ ጉቱ?» አለች በኦሮምኛ፣ እንዴት አደሩ ስትል።

«ነጋ፣ ገላታ ረቢ። ግን ምን ደህና አደር አለ፣ ልጄ?»

የኤቢሴ ላፕቶፕ ጎን ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ተሰክታ ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ትናንት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ? ለማያውቅ ሰው ንገሪኝ።»

«ሲስተሙን እኔ ላፕቶፕ ላይ ስንጭን ነበር። መጀመሪያ ሥራዬን ሁሉ ሌላ ቦታ ገለበጥን፤ እንዳይጠፋብኝ። ከዚያ ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ አወረድነው። ከዚያ ከመጫናችን በፊት አሻራውን አመሳከርን።»

«የምን አሻራ?»

«ኮምፒውተሩ ፋይሉን አስልቶ ስድሳ አራት ፊደልና ቁጥር ያወጣል። ሠሪዎቹም የራሳቸውን ለጥፈዋል። እሱ አንዱን ያነባል፣ እኔ በሌላው ላይ አያለሁ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ነጥብ እንኳ ነካክቶ ከሆነ አሻራው ይለወጣል። እንደ ጆንያ ስፌት በሉት፤ ከተፈታ እህሉ ተነክቷል።»

«ይቺ መብራትስ?»

«የዋይፋይ መቀበያ ናት። የእሱ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከራሱ ላፕቶፕ ነቅሎ ‹ሞክሪባትና ነገ ትመልሺልኛለሽ› አለኝ።» መቀበያዋን በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከዚህ አልነቀልኳትም። መልእክቱም የገባልኝ እዚሁ ላይ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ውጭ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማን። እኔ እሱን ፍለጋ ወደ ላይ ሮጥኩ። መሳይ ደረጃውን ሲወርድ ተላለፍን።»

«ውሸት የለባትም» አሉ ጋሽ ጉቱ። «ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ገብቼ አጠገቧ ነበርኩ። ይቺ ሰማያዊ ነገር ምንድን ናት ብዬም ጠይቄያት ነበር። ድምፁን ስሰማ ነፋሱ በር የዘጋ መሰለኝ፤ የአዳማን ነፋስ ታውቂው የለ?»

ዋፊቃ ኤቢሴን አንድ ጥያቄ ጨመረቻት፤ መልሱንም ጻፈች። ከዚያ ሆስፒታል ሄዳ ከሟቹ ልብስ የወጣውን ዕቃ ተረከበች። ቁልፍ፣ ባለ ቁልፍ ስልክና በውስጥ ኪሱ የተገኘ አንድ ፍላሽ ነበር። ፍላሹ ላይ «ቡልቡላ» ተብሎ ተጽፏል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮማንደሩም ግንባራቸውን ቋጥረው መጡ። አሰለፈች በሩ ጋ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«ፓስወርዱን ታውቂዋለሽ?» አለቻት ዋፊቃ።

አሰለፈች ወደ ላፕቶፑ ሄዳ በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈች። ተከፈተ።

«መሳይ፣ አንተ ዓመት ሙሉ በዚህ ሲስተም የሠራህ ሰው ነህ። ከዚህ ላፕቶፕ ለእኔ አንድ ኢሜይል ላክልኝ።»

መሳይ ተቀመጠ። ወዲህ ነካ፣ ወዲያ ነካ። የዋይፋይ ዝርዝር የሚባል ነገር አልመጣም።

«ዛሬ ኔትወርክ የለም» አለ።

አቶ ሰይፈሚካኤል ስልካቸውን አዩ። «የእኔ ይሠራል።»

«እንግዲያው የዋይፋይ ካርዱ ተበላሽቷል። ትናንት ሲሠራ ነበር።»

«ርግጠኛ ነህ?»

«አይቻለሁ እኮ!» ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። «በዚሁ ሲልክ አይቻለሁ!»

«ኤቢሴ» አለች ዋፊቃ ዓይኗን ከመሳይ ሳትነቅል፣ «ጠዋት የነገርሽኝን ድገሚልን።»

ኤቢሴ ብድግ አለች። «የነዚህ ላፕቶፖች የውስጥ ዋይፋይ ያለ አምራቹ ድብቅ ፕሮግራም አይሠራም። ይሄ ሲስተም ደግሞ ድብቅ ነገር አያስገባም። ስለዚህ ከጫንነው ቀን ጀምሮ ካርዱ ዱዳ ነው። መምህር ‹ዱዳ ይሁን እንጂ ሰላይ አይሆንም› ብሎ፣ ድብቅ ፕሮግራም የማትፈልገዋን ይቺን መቀበያ ፈልጎ ገዛ። ያለሷ ይሄ ላፕቶፕ ከማንም ጋር አይገናኝም። አንድ ሳምንት የተጠቀመበት ሰው ያውቀዋል።»

መቀበያዋን ሰካቻት። ሰማያዊው መብራት በራ፤ የኔትወርኮቹ ስም በስክሪኑ ላይ ተደረደረ።

«በኬብል ልኮት ቢሆንስ?» አሉ ኮማንደሩ። ግንባራቸው ተፈትቷል።

«ላፕቶፑ የኬብል መሰኪያ የለውም፣ ጌታዬ። ስልኩም ኢንተርኔት አያውቅም፤ ይሄን የነገረኝ ራሱ መሳይ ነው። እንግዲህ ተከተሉኝ። በአሥራ አንድ ከአርባ መቀበያዋ ምድር ቤት ኤቢሴ ላፕቶፕ ላይ ነበረች፤ ጋሽ ጉቱ በዓይናቸው አይተዋል። የስንብቱ መልእክት እንኳ ለኤቢሴ የደረሳት በራሱ በማስረሻ መቀበያ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ማስረሻ አልላከውም። ሌላ ሰው በስሙ ላከ፤ ቀጥሎም ከበረንዳው አንስቶ ጣለው። የሰውን ፓስወርድ መቀየር የሚችለው ማነው?»

«መሳይ» አሉ ዲኑ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አቶ ሰይፈሚካኤል ከእንግዶች ጋር ነበሩ። ኤቢሴ ከጋሽ ጉቱ ጋር ነበረች፤ ደግሞ እሷ ብትዋሽ ኖሮ ይሄን ውሸት አትመርጥም ነበር፣ ዱዳነቱን ታውቃለችና። ያልሆነውን አየሁ ብሎ የማለው ሲስተሙን ሲያወድስ የኖረው፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልሠራበት ሰው ነው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?» አለ መሳይ። ድምፁ ቀጥኗል።

ዋፊቃ የቡልቡላውን ፍላሽ አወጣች። ኤቢሴ በራሷ ላፕቶፕ ላይ አሰላችው፤ የሠሪዎቹን አሻራ ደግሞ በማስረሻው ከፈተችው። አሰለፈች በባሏ ላፕቶፕ ስክሪን ፊት ቆመች። ኮምፒውተር አታውቅም፤ ማንበብ ግን ታውቃለች።

«ሰባት» አለች።

ኤቢሴ የራሷን አየች። «ኤፍ።»

«ሁለት።»

«ዘጠኝ።» ኤቢሴ ቀና አለች። «አንድ አይደለም። ፍላሹ ተነክቷል።»

«የጨመርኩበት ነገር ስማቸውንና ፎቷቸውን ብቻ ነው የሚሰበስበው» አለ መሳይ፣ ማንንም ሳያይ። «የተማሪዎቹን። የሚገዛው ሰው ነበረ። ማንንም አይጎዳም ነበር። ቅዳሜ በሰው ሁሉ ፊት እንዳያመሳክረው ለመንኩት። በእግዜር ስም ለመንኩት። እምቢ አለ።»

«እምቢ በማለቱ ነው የሞተው?» አለች አሰለፈች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ።

«አዎ» አለች ዋፊቃ። አላባበለቻትም። «ገዳዩን የያዝኩትም ግን በዚያው እምቢታው ነው። ያቺን ድብቅ ፕሮግራም አንድ ቀን ሰልችቶት አስገብቷት ቢሆን ኖሮ፣ የመሳይ ውሸት እውነት መስሎ ያልፍ ነበር።»

ከዚያ የጠዋቱን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። አዲሱን እዚያው ጻፈችና ከላይ እስከ ታች አንብባ ፈረመች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አስተዳዳሪው ወረቀቱን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀብለው አነበቡት፤ ለካህናቱም ምልክት ሰጡ። ፍትሐቱ ተጀመረ። ዋፊቃ ከአጥሩ ውጭ ግራር ጥላ ሥር ቆማ እስኪያልቅ ጠበቀች።

ከቀብሩ መልስ ኤቢሴ መቀበያዋን በመዳፏ ይዛ ወደ አሰለፈች ቀረበች።

«ነገ ትመልሺልኛለሽ ብሎኝ ነበር።»

አሰለፈች የኤቢሴን ጣቶች መልሳ ዘጋቻቸው። «ያዢያት። ሰኞ ቡልቡላ እንሄዳለን፤ ከዚያ መቂ፣ ከዚያ ቆቃና ሞጆ። ያንን ፍላሽ ሁሉ ሰብስበን ለልጆቹ እንደገና ትጭኚላቸዋለሽ።»

«እርስዎም ይመጣሉ?»

«ታዲያ ብቻሽን ልታመሳክሪ ነው?» አለች አሰለፈች። «እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ታያለሽ።»