የወይዘሮ ታትል ኮርኒስ

«ሁለት ጊዜ ልክፈል ነው የሚሉኝ? ለስኮቪል የመጨረሻዋን ሳንቲም ሰጥቻለሁ!» አሉ ወይዘሮ ታትል።

«ሰጥተው ይሆናል እመቤቴ፤ እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም» አለ ለሳኙ ግሪፊዝ ፕሮባርት።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የ1873 ኅዳር ነበር፤ ቺካጎ ከታላቁ ቃጠሎ አመድ ተነሥታ በጡብና በድንጋይ ትሠራ በነበረበት ዘመን፣ በአገሪቱ ምሥራቅ የተዘጉ ባንኮች ብዙ ሰው ይዘው ወደቁ፤ የዚህ ቤት ዋና ተቋራጭ ስኮቪልም ከስሮ፣ ከወይዘሮዋ የተቀበለውን እንደያዘ ከከተማ ጠፋ። ፕሮባርት የልስኑን ሥራ ከእርሱ ተኮናትሮ፣ ለኖራው መግዣ ጎጆውን አስይዞ ነበር፤ አበዳሪው የሚታገሠው እስከ ገና ብቻ ነው።

«ሕጉ ሕንፃውን ለሠራተኛው መያዣ ያደርግለታል ይባላል» አለ ወደ ወይዘሮዋ ጠበቃ ወደ ኦርቪስ ዞሮ።

«ያደርጋል። ግን ከተቋራጭ የተኮናተረ ሰው፣ ያልተከፈለው እንዳለ ለቤቱ ባለቤት በጊዜው በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። አስታውቀሃል?»

«በጽሑፍ አስታውቄያለሁ!»

«ለማን?»

«ለስኮቪል ነዋ! ሥራውን የሰጠኝ እሱ። እሱን ዘልዬ እመቤቲቱ በር ላይ ብቆም፣ ከእንግዲህ የትኛው ተቋራጭ ያስጠጋኛል?»

ኦርቪስ ሳቁ አመለጠው። «ሌባውን ‹እየሰረቅኸኝ ነው› ብለህ ነገርከው በለኛ!» ወዲያው ግን አፈረ። «ቀኑ አልፏል፤ አሁን ብጽፍልህም አይጠቅምህም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን አንድ ቃል አልነገሩኝም?» አሉ ወይዘሮ ታትል። «በየቀኑ እዚህ ነበሩ፤ ሻይ ስሰጥዎት እንኳ! የመጨረሻውን ክፍያ ይዤ አቆይልዎ ነበር እኮ።»

እውነታቸውን ነበር፤ የባሰውም ይኸው ነው።

«ሰውየውን ማማት መስሎኝ ነው፣ እመቤቴ።»

ፕሮባርት ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፤ በልስኑ ላይ በጣቱ ያወጣቸው የወይን ቅጠሎች ደርቀው ነጥተዋል፤ ነቅሎ የሚወስዳቸው ነገር አልነበሩም።

ስለዚያች ከተማ ዳግም መነሣት የጻፉ ሰዎች፣ የዚህን ቤት ባለቤትና ንድፍ አውጪ በስም አንሥተዋል፤ ኮርኒሱንም አወድሰዋል፤ የማን እጅ እንደሠራው ግን የጠየቀ አልነበረም፤ በቤቱ በኩል ውለታ ያጎደለ ሰውም አላገኙም ይሆናል፤ ሁሉም በሕጉ መሠረት ነበርና።

በዚህ መሐል አንድ መጋረጃ ሻጭ ናሙናውን ተሸክሞ ገባ። ወይዘሮ ታትል አረንጓዴውን ጨርቅ ወደ መስኮቱ ወስደው ለኦርቪስ አሳዩት፤ «ለዚህ ክፍል አይጨልምም?» አሉ። ፕሮባርት ምንጣፉ ላይ በጫማው የተወውን ጭቃ በመዳፉ ጠርጎ፣ ቆቡን አንሥቶ፣ ሠራተኞች በሚወጡበት በጓሮው በር ወጣ።

«ትንሽ ይጨልማል» አለ ኦርቪስ።