ሠላሳ አንድ ከተማ፣ አንድ አንሶላ

ተርጓሚዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ስትተረጉም አንድም ቀን የራሷ ማሽን ኖሯት አያውቅም። ልብሷን በእጇ ነበር የምታጥበው፤ በሆቴል መታጠቢያ፣ በኪራይ ቤት ባልዲ፣ አንድ ጊዜማ መርከብ ላይ ካልሲዋን በሾርባ ሳህን። ያላትን ሁሉ አንድ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ከትታ ሠላሳ አንድ ከተማ ዞራለች። ሲያንስ አንድ ወር፣ ሲበዛ ስድስት ትቆይና ወሩ በሞላ ቀን ቦርሳዋን አዝላ ውልቅ ነው።

ወደ አገሯ የመለሳት ናፍቆት እንዳይመስላችሁ፤ ቁም ሳጥን ነው። አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ወደ በሩ አመራች። በሩ ግን ባለፈው ከተማ ቀርቶ ነበር፤ እዚህኛው ቤት በዚያ በኩል ያለው ቁም ሳጥን ነው። በግንባሯ ገጨችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እብጠቱን እየዳበሰች «በቃኝ» አለች። የሰማት ሰው የለም። የሚሰማት ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት እዚያው ትቆይ ነበር።

ታላቅ እህቷ አቅፋ፣ አልቅሳ ተቀበለቻት። እንባው ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ደርቆ ወደ ዕቅድ ተለወጠ።

«ዘጠኝ ዓመት ዞርሽ፤ ይበቃል። አሁን ሰው ሁኚ» አለቻት።

«እስከ ዛሬ ምን ነበርኩ፣ እታበባ?»

«ቱሪስት።»

ስሙ ተጣበቀባት። ቤት ውስጥ «ቱሪስቷ ተነሳች?»፣ «ቱሪስቷ ምሳ በላች?» ይባል ጀመር። የእህቷ ባል በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው፤ በሕይወቱ መመሪያ ሳያነብ የከፈተው ነገር ቢኖር አፉን ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የትርጉም ክፍል አንድ ቦታ አፈላልጎላት ነበር። «ቋሚ ነው» ይላታል፤ ይህችን ቃል ሲናገር ድምፁን እንደ ጸሎት ዝቅ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዲሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከማድ ቤት ወጣ። በራሱ ነው የወጣው። ልብስ እያጠበ፣ እየተንቀጠቀጠና እየጮኸ፣ መተላለፊያውን ይዞ እስከ ሳሎኑ በር መጣ። ገመዱ ባይዘው ኖሮ አውራ ጎዳና ይገባ ነበር።

«ይኸውልሽ ጓደኛሽ» አለች እህቷ፤ «እሱም ቤት መቀመጥ አይወድም።»

በማግስቱ ጠጋኙ መጣ። እጅጌውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ ረጅም፣ ከሰው ይልቅ ለማሽን የሚያወራ የሚመስል ወጣት ነው። ማሽኑን ከኋላ በኩል አየና ሳቁን ዋጠ።

«የማጓጓዣ ብሎኖቹ አልወጡም። አራቱም እዚህ አሉ። እንዲያውም አንድ ሰው ጠበቅ አድርጓቸዋል።»

«መመሪያው አጥብቁ ይላላ!» አለ የእህቷ ባል፣ የመመሪያውን ጥራዝ እንደ ሕገ መንግሥት ከፍ አድርጎ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ብሎኖቹ ማሽኑ ሲጓጓዝ ልብሱ የሚሽከረከርበት ከበሮ እንዳይናጥ የሚይዙ ናቸው። ቦታው ሲደርስ መውለቅ አለባቸው። ይህን መመሪያ የተረጎመው ሰው ማሽን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስፈልገው ነበር።»

ተርጓሚዋ መመሪያውን ተቀብላ አራተኛውን ገጽ ገለጠች። ትዝ አላት፤ ባቡር ውስጥ ሆና፣ ባቡሩ ዋሻ ሲገባ «ሲጓጓዝ ብቻ» የሚለውን መስመር ዘላለች። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ብታገኘው ምን ልታደርገው ነበር?» አለችው።

«ላመሰግነው። ሱቄን የከፈትኩት በእሱ ስህተት ነው። በወር ስምንት ማሽን በእግሩ ይሄድና እኔ እጠራለሁ።»

«እንግዲያው አመስግነኝ።»

ቀና ብሎ አያት። መፍቻው በእጁ እንደተንጠለጠለ ቆየ። ከዚያ አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ጣቶቹ የማሽን ቅባት ነበራቸው። እሷ ያን ቀን እጇን ለመታጠብ አልቸኮለችም።

እሱ እንደወጣ እህቷ «አየሽ?» አለች። «ማሽኑ እንኳ ብሎኑ ሲወልቅለት አደብ ገዛ። አንቺም እንዲሁ…»

«እኔ ማሽን አይደለሁም፣ እታበባ። ደግሞ የዋስትና ጊዜዬ አልፏል።»

በሳምንቱ ከእህቷ ቤት ወጣች። የጠጋኙ እናት ከሱቁ በላይ የሚያከራዩት ክፍል ነበራቸው፤ እሱን ተከራየች፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወደ ጎዳናው የሚያይ መስኮት፣ እና አዎ፣ ቁም ሳጥን። ከመግጨት በቀር ለምንም አልተጠቀመችበትም፤ ልብሶቿ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር የሚኖሩት፤ ቦርሳዋም በወጣችበት ሁሉ ጀርባዋ ላይ ነበር።

በመጀመሪያው ማለዳ እንደ ልማዷ ስትገጨው፣ ከታች ሱቁን እየከፈተ የነበረው ጠጋኝ ሰምቶ በመጥረጊያው እንጨት ኮርኒሱን ሁለቴ መታ። አለሽ? ማለቱ ነው። እሷም ወለሉን በተረከዟ ሁለቴ መታች። አለሁ። ከዚያ ወዲያ ባትጋጭም በየማለዳው እሱ ሁለቴ፣ እሷ ሁለቴ ሆነ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሱቁ ትወርዳለች። የተገለበጠ የማሽን ሳጥን ላይ ምሳቸውን ዘርግተው እሷ የምትተረጉመውን ታነባለች፤ እሱ በእጁ ይሞክረዋል።

«ማጣሪያውን ወደ ግራ ያዙሩ፣ ይላል።»

«ወደ ግራ ካዞርኩት ውሃው እግሬ ላይ ነው።»

«ወረቀቱ ግን ወደ ግራ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ጫማዬን ወረቀቱ ያድርቅልኝ።»

ከልክ በላይ ይስቁ ነበር፤ የማሽን ማጣሪያ ያን ያህል አያስቅም። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ እሱ ጨርቅ አንስቶ ንጹሑን መፍቻ ይወለውላል፤ እሷ ያነበበችውን ገጽ ደግማ ታነባለች።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን መፍቻውን አስቀመጠ።

«እኔ ከዚህ ሰፈር ወጥቼ አላውቅም» አለ። «ሩቅ ሄድኩ ካልኩ ከተማው ዳር ድረስ ነው፤ እሱም ማሽን ላደርስ። ይህን ሁሉ የዞረች ሴት እዚህ ምኑን ብላ ትቆያለች እያልኩ አስባለሁ።»

«ደግሞ ማን ሂጂ አለኝ?»

«ማንም። እኔ ግን… ቆዪ የሚልሽ ሰው እንዳለ እንድታውቂ ነው።»

እጇን ሳጥኑ ላይ ባረፈው እጁ ላይ አስቀመጠች፤ ምሳው እስኪቀዘቅዝ አላነሳችውም።

ይህ በሆነ በአራተኛው ቀን ወሩ ሞላ።

ያን ማለዳ ተርጓሚዋ እህቷ ቤት ቀጠሮ ነበራት፤ ስለ ቋሚው ሥራ የመጨረሻ መልሷን ልትሰጥ። ሐሳቧ ሁሉ «አልፈልግም» የምትለውን ቃል በምን ፊት እንደምትናገር ላይ ነበር። እጆቿ ግን ቀኑን ያውቃሉ፤ ባለፉት ሁለት ወሮች ስለጠበቀቻቸው ታቅበው ነበር፤ ዛሬ ግን ብቻቸውን ናቸው። አንሶላውን ገፈፉ፣ አጣጥፈው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አኖሩ። ቆሻሻውን ደፉ፣ ብርጭቆውን አጠቡ፣ ቁልፉን አንሶላው ላይ አስቀመጡ። ይህን ሁሉ አድርገው ሲጨርሱ ቦርሳዋን አሸከሟት። ሱቁ ገና አልተከፈተም ነበር።

ጠጋኙ መጥቶ ኮርኒሱን ሁለቴ መታ። ዝም። ደግሞ መታ። ደረጃውን ወጥቶ ሲያይ በሩ ገርበብ ብሏል፤ አልጋው ራቁቱን ነው።

እናቱ ከኋላው መጥተው አንሶላውንና ቁልፉን አዩ። «ልጄ፣ አንተ ለእሷ ሠላሳ ሁለተኛዋ ሆቴል ነህ» አሉት። ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ ልባቸው ሲሰበር አፋቸው ይቀድማል። ሐዘንን የሚያባርር ሥራ ነው ብለውም ስለሚያምኑ፣ ካርቶን ቀደው «የሚከራይ ክፍል» ብለው ጻፉና በሩን ቆልፈው ላዩ ላይ ለጠፉት፤ ቁልፉንም ለልጃቸው ሰጡት። ከምሳ በኋላ የራሳቸውን ክፍል ቆልፈው ፀጉራቸውን ሊሠሩ ሄዱ።

ተርጓሚዋ እህቷ ቤት «አልፈልግም»ን ስድስት ጊዜ ተናገረች። እህቷ ስድስቱንም አልሰማችም። «ወረቀቱ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ይጠብቅሻል» ብላ ሸኘቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የድል አድራጊ ፊት ይዛ ስትመለስ፣ በሯ ላይ ካርቶኑን አየች። በሩ ተቆልፏል። ወደ ሱቁ ወረደች።

«ክፍሌን ለማን ልታከራዩት ነው?»

ጠጋኙ ከሥራው ቀና አላለም። «ቁልፉን ትተሽ ሄደሻል።»

«የት ሄድኩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ካርታው ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ኪሷን ዳበሰች፤ ቁልፍ የለም። አንሶላው፣ ብርጭቆው፣ ወንበሩ በተራ በተራ ትዝ አሏት።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ሠላሳ።»

ሳቋ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«እጄ ነው የወጣው» አለችው። «እኔ አልወጣሁም። ዘጠኝ ዓመት በወር መጨረሻ አንሶላ ስገፍፍ ኖሬ እጄ ሳያማክረኝ ነው የሠራው።»

«በሚቀጥለው ወርስ? በሠላሳ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አንሶላ ልጠብቅ?» ቀና አለ። «ያን ሥራ ፈርሚ። ቋሚውን። ያኔ አምንሻለሁ።»

በሱቁ ውስጥ የአንድ ማሽን ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«አንተም?» አለች። «እህቴ ፊርማ ትፈልጋለች፣ ባሏ ፊርማ ይፈልጋል። አንተ ግን ማሽን ስታስረክብ እንኳ ሰው አታስፈርምም። ስማኝ፤ አልፈርምም። ስዞር ማንም ዙሪ አላለኝም፤ ስቀመጥም ማንም አስሮ አያስቀምጠኝም። የምቀመጠው አደብ ስለገዛሁ አይደለም፤ ስለወደድኩ ነው። ክፍሉን ወድጃለሁ፣ ጎዳናውን ወድጃለሁ፣ አንተን ወድጃለሁ። ማመንና አለማመን የአንተ ጉዳይ ነው። ቁልፌን ስጠኝ።»

ሰጣት። እሷም ሳትጠይቅ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የግድግዳ መብሻ ድሪሉን አነሳች።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«መደርደሪያ ልሰቅልበት።»

ደረጃውን ወጣች፤ ተከተላት። ካርቶኑን ገንጥላ ጣለችው፤ ገባች፤ ድሪሉን ሰካች።

«ከገባሁበት ቤት ሁሉ አንዲት ጭረት ሳልተው ወጥቻለሁ» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። «ይበቃኛል።»

«እሺ፣ ግን እዚያ ጋ አይደለም። ቆይ እንጂ፣ እዚያ ጋ…»

እዚያ ጋ የውሃ ቧንቧ ነበር።

ውሃው ፊቷን መታት። ድሪሉን ጥላ ቀዳዳውን በመዳፏ ደፈነች፤ በጣቶቿ መሐል እየተፈተለከ ልብሷን አራሰው። እሱ ድሪሉን ከሶኬቱ ነቅሎ ሮጠና መዳፉን በመዳፏ ላይ ጫነ። ውሃው ቀነሰ።

«የውሃው መዝጊያ የት ነው?»

«እማዬ ክፍል ውስጥ። ቆልፋው ሄዳለች።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«ፀጉር ቤት ናት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት…»

«ብንለቀውስ?»

«ታች የሰው ማሽን ሞልቷል። ያጥለቀልቀዋል።»

«እንግዲያው አንለቅም።»

ቆሙ። ከቅንድቡ ውሃ ይንጠባጠባል። እንዲህ ተጠጋግተው ቆመው አያውቁም ነበር፤ መመሪያውም አጠገባቸው የለም፣ የሚወለወል መፍቻም የለም። በጣቶቿ መሐል ግድግዳውን አጮልቆ አየ።

«ቀዳዳው ትልቅ ነው» አለ፤ የሙያ ነገር ሆኖበት።

«ትልቅ እንዲሆን ነው የበሳሁት።»

ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልያዘውም። ሲስቅ እጁ ላላና ውሃው ሁለቱንም እንደገና አጠባቸው።

«ፈርሚ ያልኩሽን ትቼዋለሁ» አለ ሲረጋጋ። «አትፈርሚ።»

«ፈቃድህን መች ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽኝም። ከእኔም አፍ እንዲወጣ ብዬ ነው። በወር መጨረሻ አንሶላሽን ከገፈፍሽ፣ ተመልሼ አነጥፈዋለሁ። በየወሩ ከገፈፍሽም በየወሩ።»

ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ትከሻው ርጥብ ነበር፤ የማሽን ቅባትና ሳሙና ይሸታል።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። እጇ ግድግዳው ላይ ነውና እሱ በነፃው እጁ አውጥቶ ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

«የት ነሽ አንቺ?» አለች እህቷ። «ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆኗል፤ ሰውየው ወረቀቱን ይዞ እየጠበቀሽ ነው።»

«ቤቴ ነኝ።»

እህቷ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን መልስ ሰምታው አታውቅም።

«የትኛው ቤትሽ?»

«ውሃ የሚያፈሰው» አለች ተርጓሚዋ።