ለሁለት የጠበበ ሣጥን

«ምን አለች?»

ሰገነት ልጇን ሀሴትን የትምህርት ክፍሏ ውስጥ ጠየቀቻት። የሀሴት የእንግሊዝኛ መምህር ሚስ ካርተር የልጅቷን ድርሰት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናግራለች።

«ጎበዝ ናት አለች።»

«ይህን ሁሉ አውርታ፣ ጎበዝ ናት ብቻ?» ሰገነት ሳቀች። ኦቤትስ ከተማ ካለው፣ ከምትሠራበት የዕቃ መጋዘን በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ሰደሪያዋን እንኳ አላወለቀችም።

ሰገነት እንግሊዝኛ ስለማትችል ሀሴት ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የእናቷ አፍም ጆሮም ናት። ክሊኒክ፣ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ የማትሄድበት የለም። ይኸው አሥራ አራት ሞላት፤ ከትምህርት በኋላ አንድም ክበብ ገብታ አታውቅም።

ድርሰቱ በግሪክ አፈ ታሪክ ውስጥ ስላሉ የጀግኖች እናቶች ነበር። ሀሴት የመረጠችው ዳናይን ነው፤ የገዛ አባቷ ከሕፃን ልጇ ከፐርሲየስ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ባሕር ላይ የጣላትን ሴት። «ሁሉም ልጁን ጀግና ይሉታል» ብላ ጻፈች። «ሣጥኑ ውስጥ መታፈኑን ግን ማንም አይጠይቅም። እኔና እናቴም እንደዚያው ነን። እሷ ያለእኔ መናገር አትችልም፤ እኔ ያለእሷ የትም መሄድ አልችልም። እወዳታለሁ፤ ግን አየር አጠረኝ።»

ሚስ ካርተር ለእናትየው እንዲነገር የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ገና ሲገቡ የስልክ አስተርጓሚ እንዳለ ነግራቸው ነበር። ሰገነት ግን «ልጄ እያለችልኝ!» ብላ በኩራት እምቢ አለች።

«በደንብ ንገሪኝ እንጂ። አጥፍተሻል እንዴ?»

«ኖ፣ ማም! ምንም አላጠፋሁም።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

ብትዋሽ እናቷ ደስ ብሏት ቤቷ ትገባለች፤ ነገ ደግሞ የጥርስ ሐኪም አፖይንትመንት አለ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ። ብትናገር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስታነሳ የዋለችውን ሴት በሰው ፊት፣ በገዛ ልጇ አፍ ልታሳዝናት ነው። ሀሴት አፈረች፤ ፈራችም። የክፍሉ በር ክፍት ነበር፣ መውጫ ግን አልታያት አለ።

ወደ መምህሯ ዞረች። «አስተርጓሚው ጋ ይደወልልን» አለቻት በእንግሊዝኛ።

ሚስ ካርተር ስልኩን ስታነሳ ሰገነት ግራ ተጋባች። «ምነው? አንቺ አለሽ አይደል?»

ሀሴት በሁለቱ መሃል ከነበረው ወንበሯ ተነሳች። ወንበሩን ጎትታ ከእናቷ ጎን አስጠጋችና ተቀመጠች።

«ቅድም ዋሽቼሻለሁ፣ እማ። ዛሬ ልጅሽ ብቻ ልሁን።»

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። ሰገነት ልጇን ትንሽ አየቻትና ሰደሪያዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አጠፈችው።