እማማ አይሊ የወደዷቸው ፎቶዎች

እማማ አይሊ ካንጋስ ምድር ቤት ደረጃው ስር ተዘርረው፣ ሞተው ተገኙ። በግንባራቸው! ሊጥ የነካ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ! ወይኔ፣ አንጀት ይበላል እኮ! ደረጃው አናት ላይ ደግሞ የዲጂታል ፎቶ ፍሬሙ ገመድ እንደ ወጥመድ ተወጥሯል። ያንን ፍሬም ዋይፋይ አስገብታ፣ ጠረጴዛው ላይ ያቆመችላቸው ማን ናት? የልጅ ልጃቸው ኬንድራ! ባላቸው ቶይቮ በረዶው ሳይጀምር መንገድ ዳር ተገጭተው ሞተው፣ ገጪውም አምልጦ እስካሁን ስላልተያዘ፣ «ቢያንስ ፎቷቸውን እያዩ ይዋሉ» ብላ ነው ምስኪን!

እማማ አይሊ የሞቱ ቀን ከሰዓት ግን ሁለቱ በመኪና ቁልፍ ተጨቃጭቀው፣ ኬንድራ በሩን ድርግም አድርጋ ስትወጣ ጎረቤት ሰማ። በቃ! ሸሪፉ እጇን በካቴና አስሮ፣ ስልኳን ላስቲክ ውስጥ አሸገው። ነገ ዳኛ ፊት ልትቀርብ ነው። በአስራ ሰባት ዓመቷ!

መርማሪዋ ጌል ቶርቪነን የመጣችው ያኔ ነው። አጭር፣ ቀዝቃዛ፣ ፈገግ የማትል። ዓይኗን ግን ምንም ነገር አያመልጠውም፣ ምንም!

«ገመዱን የት ነበር ያደረግሽው?»

«በግድግዳው ጥግ! በቴፕ ለጥፌ! እምላለሁ!» አለች ኬንድራ። «ወይስ በደንብ አልለጠፍኩትም? እኔ ነኝ የገደልኳቸው? ይንገሩኝ በናትዎ!»

«ቴፑ ተልጦ ተጠቅልሏል። እግር ቢጠልፈው ይበጣጠስ ነበር። ሰው በእጁ ነው የላጠው።»

«ቴፑ ላይ ያለው አሻራ የኔ ብቻ ነው አሉኝ እኮ!»

«አዎ። እሱ መጥፎ ነው» አለች ጌል። ማጽናናት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም!

ከዚያ ፍሬሙ ጋ ሄዳ አፍንጫዋ እስኪነካው ድረስ ተጠጋች። መስታወቱ ያበራል፣ አንድ ነጥብ እንኳን የለበትም። ፎቶዎቹ ይፈራረቃሉ፤ ሁሉም ጥግ ላይ ቀይ ልብ አለ።

«ይሄ ልብ ምንድነው?» ብላ የኬንድራን እናት ማርሊንን ጠየቀቻት።

«እማዬ ናታ! ፎቶ በመጣ ቁጥር ትጫነዋለች። ስትጫነው ደግሞ ለሁላችንም ስልክ መልእክት ይደርሰናል። ቀኑን ሙሉ ጢን፣ ጢን፣ ጢን! ድምፁን አጠፋሁት እንጂ ማን ያየዋል!» ማርሊን ስታወራ አለቀሰች። «ጣቷ ቅቤ ነው ሁልጊዜ፣ ዳቦ እየጋገረች…»

የእማማ አይሊ የወንድም ልጅ ሮኒ በር ላይ ቆሟል፣ የበረዶ ጓንቱን እንዳጠለቀ። በረዶ ጠራጊ መኪና ነው የሚነዳው።

«አንተስ ሮኒ፣ ፍሬሙን ነክተኸዋል?»

«እኔ? አጠገቡም አልደረስኩ! ኬንድራ እሁድ ‹ፎቶ ላኩ፣ ላኩ› እያለች ስትነዘንዘን ከስልኬ ላክኩ፣ አለቀ። አንድ በአንድ ማን ይመርጣል? ‹ሁሉንም› የሚለውን ተጫንኩና ገላገልኩት!» ብሎ ሳቀ። በዚያ ሰዓት! ሳቀ!

ጌል ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሸሪፉን፣ ማርሊንን፣ ሮኒን፣ በካቴና የታሰረችውን ኬንድራን።

«ገመዱ ቢጠልፋቸው ኖሮ ፍሬሙ አብሮ ይወድቅ ነበር» አለች። «ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስለዚህ ገመዱን ሰው የወጠረው እሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው። ቴፑ ላይ ሌላ አሻራ የለም፤ የላጠው ሰው ጓንት ነበረው። መስታወቱ ግን በጓንት አይታዘዝም። ጓንቱን አውልቆ ነካው፣ ከዚያ ወለወለው። የእማማ አይሊ የቅቤ ጣት እንኳን የለበትም!»

«ኬንድራ ወልውላው ሊሆን ይችላል» አለ ሸሪፉ።

«ለምን ብላ? ፍሬሙን የተከለችው እሷ ናት፤ አሻራዋ እዚያ ቢገኝ ማን ይደነቃል? የሚወለውለው ‹አጠገቡ አልደረስኩም› የሚል ሰው ነው።»

ሮኒ ወደ በሩ አፈገፈገ። እኔን!

ጌል ላስቲኩን ቀድዳ የኬንድራን ስልክ አወጣች። «የተላከ ፎቶ የሚጠፋው ፍሬሙን በመንካት ብቻ ነው። እማማ አይሊ ማጥፋት ያውቃሉ?»

«አላስተማርኳቸውም!» አለች ኬንድራ።

«የልብ መልእክቶቹን ልክፈት። ይሄ ፍሬሙ ላይ አለ። ይሄም አለ። ይሄኛው… ፎቶው ጠፍቷል። ግን መልእክቱ ላይ ትንሿ ምስል ቀርታለች።»

ሁሉም ተንጠራርተው አዩ። የፊት መብራቱ የረገፈ ጥቁር ፒክአፕ። ላኪ፦ ሮኒ።

«አጋዘን ነው የገጨሁት!» ብሎ ጮኸ ሮኒ።

«ታዲያ ለምን አጠፋኸው? ቶይቮ ከወደቁበት የለቀምነው የመብራት ስብርባሪ ቢሮዬ ነው ያለው። እናገጣጥመው?»

ሮኒ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። «ልብ መጣብኝ! በዚያ ፎቶ ላይ ልብ! ስልኬ ጢን ሲል ነፍሴ ወጣች። አወቁ፣ በልብ እየቀለዱብኝ ነው አልኩ። በጓሮ ገብቼ ሳጠፋው ከኋላዬ መጥተው ስሜን ጠሩኝ… ገፋኋቸው። አውቀው ነበር እኮ! አውቀው ነበር!»

ጌል ፍሬሙን ወደሱ አዞረችው። የማርሊን ጫማ ሶል፣ በስህተት የተነሳ፤ ልብ አለው። የደበዘዘ አውራ ጣት፤ ልብ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ፤ ልብ።

«‹ለላከ ሰው ካላመሰገንኩ ነውር ነው› ብላ ነው» አለች ማርሊን። «ያለ መነጽር ምኑንም አታየውም። ሮኒ፣ እናቴ ምንም አላወቀችም።»

«ታዲያ… ለምን ጠሩኝ?»

«ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል» አለች ጌል። «አንዱ ላይ ፓስቲ አለ፣ ያልተነካ። ና ብላ ሊሉህ ነው የጠሩህ።»

ሮኒ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰው አይቶት አያውቅም። ሸሪፉ ካቴናውን ፈታ። ማርሊን እጇን ዘረጋች፤ ኬንድራ ግን «ፎቶ ላኩ ብዬ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ» ብላ በአጠገቧ አልፋ ወደ ምድር ቤት ወረደች፣ እማማ አይሊ የወደቁበት መጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ማንም ቢለምናት አልነሳም አለች።