ከፊት በኩል የሚያንኳኳው ፒካፕ

ፒካፑ ከዱራሜ ወጥቶ የሐምበሪቾ ተራራን ግርጌ ሲጀምር ከፊት በኩል «ጓ!» አለ። ሽብሩ መሪውን ጨብጦ ጆሮውን አቆመ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ «ጓ! ጓ!» አለ ደግሞ።

ከኋላ፣ በሸራው ሥር፣ አባቱ ጋሼ ባልቻ ፍራሽ ላይ ተጋድመው ያቃስታሉ። አንጀታቸው ተቋጥሯል፤ ሳይመሽ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ካልደረሱ አይተርፉም። የሽብሩ ሚስት ገነቴ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አሳርፋለች። ይህን ሁሉ ሽብሩ ችሎት ነበር። ያልቻለው ዳኘን ነው።

ዳኘ የአዲሎ ነጋዴዎች ሹፌር ነው። የጭነት መኪናውን ጭቃ ውጦበት መንገድ ዳር እጁን ሲያወዛውዝ አገኙት። በጃንሆይ ዘመን በዚያ መንገድ ሹፌር ሹፌርን ጥሎ አያልፍም፤ ጫኑት። ግን ገነቴ ሳታገባ በፊት አዲሎ ገበያ የምትሄደው በዳኘ ጋቢና ነበር፤ ሽማግሌ ሊልክባትም አስቦ ነበር ይባላል። አሁን ያ ሰው ከሚስቱ ጎን ቁጭ ብሏል። ሽብሩ አንድ ዓይኑን መንገዱ ላይ፣ አንዱን መስታወቱ ላይ ጥሎ ይነዳል። ቅናት መሪ ሲይዝ አያድርስ ነው!

ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀምሮ ወዲያው ዶፍ ሆነ። ዳገቱ ላይ ጎማው ተንሸራተተ፤ ገነቴና ዳኘ ወርደው ከቀኝ በኩል ገፉ። ሽብሩ በመስታወት ያየው መግፋታቸውን አይደለም፤ ትከሻ ለትከሻ መግጠማቸውን ነው።

አፋፉ ላይ ቆመ። ገነቴ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

«ሽብሩ፣ ያ ከታች ያለው…»

«ዝም በይ! መኪና የማውቀው እኔ ነኝ።»

ድምፁ ከግራ የመጣ መስሎታል። የግራውን ጎማ በክሪክ አንስቶ በሁለት እጁ ነቀነቀው፤ ኩሽኔታው ደህና ነው። ከመሪው ጋር የሚያያዘውን ቴስቲና ጨብጦ ወዘወዘው፤ እሱም ጥብቅ ነው። ነገሩ ግራ ገባው፤ ሲታጠፍ ዝም ይላል፣ ጉድጓድ ሲገባና ፍሬን ሲያዝ ግን ይመታል። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ሲያስብ ከመኪናው ማዶ የገነቴን ሹክሹክታ ሰማ።

«እኔ እንዴት ብዬ ልንገረው? አፌ አይደፍርም።»

«እኔ እነግረዋለሁ» አለ ዳኘ። «ቢመታኝም እነግረዋለሁ።»

የሽብሩ ደም ፈላ። ለካ ያሰበው ሁሉ እውነት ኖሯል! ክሪኩን ነቅሎ ጋቢና ገባ፤ ዳኘ «ሽብሩ፣ አንዴ ስማኝ» እያለ ሲቀርብ ሞተሩን አስነሳበት። ሁለቱ እየሮጡ ከኋላ ተንጠላጠሉ። ዳኘ እየጮኸ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ፤ ጩኸቱን ዶፉ ዋጠው፤ በደበደበ ቁጥር ሽብሩ ነዳጅ ጨመረ። መንገዱ ወደ ገደል ይወርዳል፤ ከታች ደፍርሶ የሞላ ወንዝ፣ በላዩም የግንድ ድልድይ አለ። የፊቱ ድምፅ አሁን አያቋርጥም።

ያኔ ገነቴ በጋቢናው የኋላ መስኮት አንገቷን አስገብታ ጮኸች።

«ባሌ…!»

ሽብሩ ደነገጠ። እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም።

«ባሌስትራው! የቀኙ ባሌስትራ ተሰብሯል!»

ፍሬኑን ረገጠ። ፒካፑ ወደ ቀኝ ተጎተተ፣ ተንሸራተተ፣ ከገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ሽብሩ ወርዶ የቀኙን ጭቃ በመዳፉ ጠረገው። መኪናውን ከሚሸከሙት ተደራራቢ የባሌስትራ ብረቶች ዋናው ለሁለት ተሰንጥቆ አፉን ከፍቷል። ድልድዩ ላይ ቢደርሱ ወንዙ ውስጥ ነበሩ።

ገነቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ገባው። በከምባታ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ የሚጀምር ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም፤ ይህን ወግ ባሊሻ ይሉታል። ባልቻ፣ ባል፣ ባሌስትራ! ወጉን ያውቀዋል፤ ግን ጣሊያን ጥሎት በሄደ የጋራዥ ቃል ውስጥ ይደበቃል ብሎ አልጠረጠረም። አማቷ አጠገቧ ተኝተው ይህን ቃል ልትል ነበር ስትንተባተብ የዋለችው።

«ልጄ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ ጋሼ ባልቻ ከሸራው ሥር በደከመ ድምፅ። «የጮኸው መኪናው ነው።»

ሽብሩ አፈረ። ዳኘ ግን የወይራ ጉማጅና ጠፍር ይዞ መጥቶ ነበር። ጉማጁን ባሌስትራው ላይ ሊያስር ሽብሩ በጀርባው መኪናው ሥር ገባ። ጠፍሩን ሲያጠብቅ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ጅብ ነው፤ ዝናቡ ቀኑን ስላጨለመው ደፍሮ፣ የሕመምተኛ ሽታ ስቦት መጥቷል። የሽብሩ እግሮች እስከ ጉልበታቸው ውጭ ናቸው።

«ዳኘ!»

«አለሁ። አትውጣ፣ እሰር!»

ዳኘ የክሪኩን ብረት ይዞ በሽብሩ እግሮች ላይ አንፈራጦ ቆመ። ጅቡ ዞረ፣ ተጠጋ፤ ብረቱ አፍንጫው ላይ ሲያርፍ እየጮኸ ወደ ገደሉ ሸሸ። ሽብሩ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሱ ጎተተው።

«ጋቢና ግባ» አለው ለዳኘ ሲወጣ። «የቀኙን አንተ አዳምጥልኝ።»

በእግር ፍጥነት ድልድዩን ተሻገሩ፤ አንጋጫን አለፉ፤ ሆሳዕና ሲገቡ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል። ሁለቱ ወንዶች ጋሼ ባልቻን ከነፍራሻቸው ተሸክመው ሐኪም ቤቱ በር ደረሱ። የሐኪሙ ረዳት ድሬሰሩ የሕመምተኛውን እጅ ያዘና «ልባቸው ይመታል፣ ደርሳችኋል» ብሎ ቀድማ ወደ ገባችው ወደ ገነቴ ዞረ።

«ስማቸው ማን ይባላል?»

ገነቴ ደርቃ ቀረች። ሽብሩ፣ ዳኘ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት አየ።

«ባልቻ!» ብሎ ጮኸ፣ ከዳኘ ቀድሞ። «ባልቻ ነው ስማቸው። እሷን አትጠይቃት፤ እኔን ጠይቀኝ።»